ድቡ ድስት የገለበጠ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣ ስኪልደርስዋይክ የሚባለው ሰፈር ሄጄ ነበር። እኔም የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። በሩን ገፋ እንዳደረግሁ የረጠበ ጃኬት፣ የሙጫና የልጆች ካልሲ ሽታ ተደባልቆ ተቀበለኝ። ሽታ ሰውን ያስደነግጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ወገቤ ጋ እንኳ ከማይደርሱት የልጆች ልብስ መስቀያዎች አጠገብ ደርቄ ቀረሁ። እንደገና የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ውጭ ይዘንባል፤ አፌ ውስጥ ደግሞ የሰው ክንድ ጨው ጨው ይላል።

ሰው ነክሼ ነበር።

እናቴ ከአገር የወጣችው ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉለሌ አክስቴ ስንዱ ዘንድ አደግሁና፣ ወረቀቷ ሲስተካከልላት አስመጣችኝ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ በስልክ ድምፅዋን ብቻ የማውቃት ቀጭን ሴት ፊኛ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ አክስቴ እንዳስተማረችኝ ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን ሰነበቱ?» አልኳት። ፊኛው ከእጇ አምልጦ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ።

«አንቺ በይኝ እንጂ የኔ ልጅ! እናትሽ እኮ ነኝ!»

«እሺ እትዬ» አልኳት።

እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አልታየችም ተባለ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴቶች ሁሉ፣ «ገነት፣ ታድለሽ! እዚህ ያደጉት የኛዎቹማ አንቱታ የሚባል ነገር ጠፍቶባቸዋል» ይሏታል። እናቴ ትስቅና ኩሽና ገብታ ትቆያለች። ያኔ ለምን እንደምትቆይ አላውቅም፤ ሳህን የምታጥብ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እናቴ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበርና እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። ፀጉሬን ልትሠራኝ ትቀርብና፣ «ልንካሽ?» ትለኛለች። እኔም፣ «እሺ» እላለሁ። ይኸው ነበር ወሬያችን።

ትምህርት የተጀመረ ሰሞን ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ትራሙ ቆሞባት ልትወስደኝ ዘገየች። በሩ ላይ የቀረነው እኔና አንዲት ባለ ቢጫ ቦት ልጅ ነን። የሷ እናት ብቅ አለች። ልጅቷ ዞራ አየችኝና፣ በክፋትም አይመስለኝ፣ «ያንቺ እማማ አትመጣም» አለችኝ። በደችኛ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት ውስጥ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። ከዚያ የማስታውሰው ክንዷ አፌ ውስጥ መሆኑን ነው።

አስተማሪያችን ሮጣ መጣች። እዚህ አገር ልጆች ሴት አስተማሪን ዩፍ ነው የሚሏት፤ የኛዋ ዩፍ ሊስቤት ትባላለች፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ ሁልጊዜ የቀላ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ስገልጥ ዩፍ በረጠበው ንጣፍ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ከፊቴ ትይዩ አድርጋለች። ቀስ ብላ፣ «ተናደድሽ?» አለችኝ።

ክው አልኩ! እኔ በማውቀው መናደድና መቆጣት የትልቅ ሰው ነገር ነው። አክስቴ ትቆጣለች፣ የክፍል ኃላፊያችን ይቆጣል፣ የሰፈር ዘበኛ እንኳ ይቆጣል። ልጅ ቢበዛ ያኮርፋል፤ እሱም ምሳ እስኪቀርብ ነው። ተናደድሽ ወይ መባሉ መኪና ትነጃለሽ ወይ እንደመባል ሆነብኝ። «ኧረ አልተናደድኩም» አልኩና በነጋታው ቀኑን ሙሉ ጥፊዬን ስጠብቅ ዋልኩ። ፍራፍሬ ሲበላ ጠበቅሁ፣ ጂምናስቲክ ላይ ጠበቅሁ። ማንም አልመታኝም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እናቴ ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ነከስሽ? ሰው? በጥርስሽ?» ሌላ በምን ይነከሳል? ይኼን ግን አላልኩም። እሷም አልመታችኝም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ሲፈስ ቆየ፤ ስትወጣ ፊቷ አብጧል፣ ፀጉሯ ግን ደረቅ ነው። ውሃው ለምን እንደተከፈተ ብዙ አሰብኩበት።

ዓርብ ዕለት ዩፍ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ውስጡ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። ስለ ቁጣ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ያንብብልሽ ተባልኩ። ቅዳሜ ግን እናቴ ሥራ ናት። ስለዚህ መጽሐፉም እኔም ጋሽ በላቸው ዘንድ ወረድን።

ጋሽ በላቸው ከኛ በታች ብቻቸውን ይኖራሉ። ወገባቸው እምቢ እስኪል ድረስ ስኪፖል አውሮፕላን ሲያጸዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ሥራ ስትሆን የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። ዋና ሥራቸው ግን ሽምግልና ነበር። ሮተርዳም ባልና ሚስት ተጣሉ፣ አምስተርዳም ወንድማማቾች ተኳረፉ ሲባል ጋቢያቸውን በላስቲክ ቋጥረው ባቡር ይይዛሉ። አስታርቀው ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነው፤ ማስታረቅ ማለት ከሁሉም በላይ መጮህ ይመስለኝ ነበር። ደችኛቸው የሥራ ደችኛ ነው፤ ባልዲ፣ ፍጠን፣ ጨርስ፣ ዕረፍት። የመጽሐፉን ደችኛ አላወቁትም። እሱ ግን አላስቸገራቸውም። መነጽራቸውን አደረጉና ሥዕሉን ማንበብ ጀመሩ።

«አንድ የድብ ግልገል ነበረ። ይኸውልሽ ብርድ ልብሱ። ይወደዋል። እናቱ አጠበችበት። ተመልከች፣ ያሸተዋል፤ ሽታው ጠፍቷል።» ገለጡ። ድቡ ጆሮው ቀልቷል። ገለጡ። ሆዱ ቀልቷል፣ ክፍሉ ቀልቷል፣ መስኮቱ ሳይቀር ቀልቷል። ገለጡ። ድቡ የእናቱን ድስት በእርግጫ መትቶ ሾርባው ግድግዳው ላይ ተረጭቷል።

«ድስት ገለበጠ!» አሉ ጋሽ በላቸው። ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ወይ ጉድ! የናቱን ድስት! ቆይ፣ አሁን ዋጋውን ያገኛል።»

እኔም ወደ ገጹ ጠጋ አልኩ። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጡ። እናትየዋ ድቡን አቅፋዋለች።

መልሰው ገለጡ፤ ድስት። ወደፊት ገለጡ፤ እቅፍ። ገጹን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ እፍ አሉበት፣ ወደ መብራቱ አንስተው አዩት። የተጣበቀ ነገር የለም።

«አንድ ገጽ ጎድሏል» አሉ በመጨረሻ። «ተገንጥሏል። ድስት ተገልብጦ ዝም ብሎ መተቃቀፍ አለ እንዴ? መሃል ላይ አንድ ነገር መኖር አለበት። አንቺ ነሽ የቀደድሽው?»

«በማርያም እኔ አይደለሁም!»

«እንግዲያው ሰኞ ለአስተማሪሽ ንገሪ። ኋላ አንቺ ቀደድሽው ብለው እንዳይይዙሽ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያ ሲዘገይብኝ የሰነበተው ጥፊ የት እንደገባ ገባኝ። ገጹ ሲጠፋ አብሮ ጠፍቶ ነው። ገጹ ከተገኘ እሱም ይገኝና ይገላግለኛል።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቴን ሳልሰቅል ዩፍ ዘንድ ሄድኩ። ደችኛዬ የሚችለውን ያህል፣ «ዩፍ፣ እማማ የምትመታበት ገጽ የለም» አልኳት። ዩፍ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገጹ የት ጋ መሆን እንደነበረበት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ምን እንደነበረበት ጠየቀችኝ፤ ቃል ስላጠረኝ ወረቀት ስጪኝ አልኳት። አሳምሬ ሣልኩት። ድቡ ተንበርክኮ ጆሮውን ይዟል፣ እናቱ በአንድ እጇ ማማሰያ ይዛ በሌላው የውስጥ ጭኑን ትቆነጥጠዋለች። እንባውን በሰማያዊ ሠራሁ። ቁንጥጫው ያለበት ቦታ እንዲታይ ቀስት አደረግሁበት።

የዩፍ ፊት ወረቀት መሰለ፤ አፍንጫዋ ሳይቀር ነጣ። ሥዕሌ አስደንቋት መስሎኝ ኮራሁ። ይባስ ብዬ ቀረኝ የምለውን አንድ በርበሬ ጨመርኩበት።

እናቴ በማግስቱ ተጠራች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ በበሩ መስታወት አያቸዋለሁ። ዩፍ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እናቴ አየችው፤ መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፣ ከዚያ ዩፍ አንድ ነገር አለቻትና ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ብድግ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። በመስታወቱ ውስጥ በአማርኛ ስትጮህ ሰማኋት፦ «እኔ? እኔ እኮ ነክቻት አላውቅም! ፀጉሯን እንኳ አስፈቅጄ ነው የምነካው!» ዩፍ አማርኛ አታውቅም። ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፤ ከዚያም በሚመጣው ሳምንት ከልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ቤታችሁ መጥታ ታነጋግራችኋለች አለቻት።

ሴትዮዋ ኋላ መጣች። ረጋ ያለች ሰው ነበረች፤ ሻይ ጠጥታ፣ ከኔ ጋር ሥዕል ሥላ ሄደች። ያኔ ግን እንዲህ እንደሚሆን አናውቅም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን የሰማችው ወሬ ሁሉ መጣባት፤ እዚህ አገር ልጅ ይወስዳሉ፣ አንዴ ከወሰዱ አይመልሱም የሚለው። ትራሙ ውስጥ እጄን አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቤታችን አልወጣችም፤ የጋሽ በላቸውን በር ደበደበች።

«ጋሼ፣ ምን አስተማሩብኝ? ልጄን ሊወስዱብኝ ነው!»

«ማን? በምን ምክንያት?»

«በድቡ ነዋ! እናት የምትመታበት ገጽ ጠፍቷል ብላ ለአስተማሪዋ ሥላ ሰጠቻት!»

ጋሽ በላቸው በሩን እንደያዙ ቀሩ። «በድብ?» አሉ። «በድብ ልጅ ይወሰዳል?» ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ያህል ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትሽ መትታሽ ታውቃለች?»

«አይመቱኝም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሣልሽው?»

«ድቡን።»

«ልጅቷን ለምን ነከስሻት?»

የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ።

«ተቆጥተሽ ነበር?»

መልሼ አሰርኩት።

«ማንን ነው የተቆጣሽው?»

መሬት መሬት ሳይ ቆይቼ፣ ሳላስበው ዓይኔ ወደ እናቴ ሄደ። ቶሎ መለስኩት፤ ከሽማግሌ ዓይን ግን አያመልጥም። ጋሽ በላቸው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንቀመጣለን።»

«ከማን ጋር?» አለች እናቴ።

«ከልጅሽ ጋር።»

«ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ሽምግልና? አመመዎት እንዴ ጋሼ?»

«የማናውቃት ሴትዮ መጥታ ከምትጠይቃት እኔ ብጠይቃት አይሻልም?»

ኋላ ሳድግ እንደነገሩኝ ጋሽ በላቸው ነገሩ ባጭሩ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። ልጅቷ አንዲት የልጅ ቂሟን ትተነፍሳለች፣ የእናቷን ጉልበት ትስማለች፣ አበቃ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እሑድ የሚመጣው ያ የጎደለው ገጽ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ሌሊት ወፍራም ሱሪዬን ለብሼ ነው የተኛሁት፤ ለቁንጥጫው።

እሑድ ቤታችን መጡ። ጋቢያቸውን ከላስቲኩ አውጥተው ለበሱ። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔን ከፊት ለፊቷ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬ መሬት አይነካም።

«ሥርዓቱ እንዲህ ነው» አሉኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። «የከፋሽን ትናገሪያለሽ። ስትናገሪ ማንም አያቋርጥሽም፤ እናትሽም፣ እኔም። ስታበቂ ‹ጨረስኩ› ትያለሽ። ‹ጨረስኩ› እስክትዪ ድረስ የሚተነፍስ የለም። እሺ?»

«እሺ።»

«በይ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ታች ትራም አለፈ። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አልቸኮለም። እንዲህ ዝም ተብሎ ተጠብቄ አላውቅም ነበር።

«ዳቦ ገዝቼ መጣሁ አሉኝ» አልኩ።

እናቴ አፏን ያዘች።

«ጠዋት ነው። ሻንጣ አልያዙም። ዳቦ ገዝቼ መጣሁ አሉኝ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴ ሌላ ዳቦ አመጣችልኝ፣ ይኼ አይደለም አልኳት። መሸ። በነጋታውም ቁጭ አልኩ። ልጆቹ እናትሽ አትመጣም አሉኝ። ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ነው አልኳቸው፤ ሳቁብኝ።» ድምፄ እየጨመረ መጣ። የኔ አልመስል አለኝ። «የት አለ ዳቦው? ዳቦ ልትገዢ ነው ያልሽኝ! ስኪፖል ስትመጪ ፊኛ ነው የያዝሽው! ውሸታም! አንቺ ውሸታም!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ በድንጋጤ ውሃ ሆንኩ። እናቴን! ውሸታም! ጆሮዬ ይጮሃል፣ ፊቴ ይቃጠላል፤ እንደ ድቡ መስኮቱ ሳይቀር የቀላ መሰለኝ። ሁለት ጭኖቼን ገጥሜ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም አልመጣም። ስገልጥ ጋሽ በላቸው አፋቸውን ከፍተው እያዩኝ ነው። እናቴ ነጠላዋን ጨብጣ ወደ እኔ አዘነበለች።

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር? እግሬን ይዘሽ… ሁሉም ሳትነግሪያት ውጪ ነው ያሉኝ፣ ልጅ ይረሳል…»

ጋሽ በላቸው እጃቸውን አነሡ። «አላበቃችም ገነት» አሏት፤ ድምፃቸው ደክሟል።

እናቴ ከሶፋው ወርዳ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። በጉልበቷ እየሄደች መጥታ፣ በዚያ በወፍራም ሱሪዬ ላይ፣ ጉልበቴን ሳመችው።

«ኧረ ተነሺ!» ጋሽ በላቸው ብድግ አሉ። «ነውር ነው! የወላጅን ጉልበት ልጅ ይስማል እንጂ!»

አልተነሣችም። እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ። ትልቅ ሰው ከኔ በታች ሆኖ አይቼ አላውቅም። የፀጉሯ መሃል ላይ ሽበት አየሁ። ቁንጥጫው መጥቶ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አልደነግጥም ነበር፤ ቁንጥጫ ምን እንደሚያደርጉበት አውቃለሁ፣ ይኼን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ጋሽ በላቸው ጥቂት ቆመው፣ ሌላ ሲያጡ ወደሚያውቁት ተመለሱ። «በይ እንግዲህ ሜሮን፣ ይቅር ለእግዜር በያት። እሷም ከእግርሽ ሥር ወድቃለች። በይ ልጄ።»

ሁለቱም ያዩኛል። መጽሐፉ ውስጥ ቢሆን ይኼኔ ተቃቅፈው ቀዩ ሁሉ ከክፍሉ ይጠፋል። እኔም ጠፍቶልኝ እንደሆነ ውስጤን ፈለግሁ። እዚያው ነው። ሆዴ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ቅድም የነበረበት ቦታ ሁሉ አለ።

«አልጨረስኩም» አልኩ።

«እ?»

«ገና አልጨረስኩም።»

ጋሽ በላቸው ወደ እናቴ አዩ። ለምን እንዳየኋት ዛሬም አላውቅም፣ እኔም አየኋት። ፊቷን አቀናች፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ አልጠረገችውም።

«አትጨርሺ» አለችኝ። «አትጨርሺ ልጄ። እዚሁ ነኝ።»

ጋሽ በላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሳይመርቁን፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወረዱ። እኔም ከዳቦው እንደገና ጀመርኩ።